የቢያድግልኝ ብስክሌት መብራት

ባለፈው ክረምት ዝናቡ የዕቃ ቤቴን ቆርቆሮ በስቶ ገባ። የእንጅባራን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል፤ ሰኔ ላይ የወረደ ጉም እስከ መስቀል ከደጅ አይነሣም፣ የታጠበ ልብስ ሳምንት ሙሉ ተሰጥቶ አይደርቅም። እናም አንድ ረፋድ ላይ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ በረንዳ ማውጣት ግድ ሆነብኝ፤ እግሩ የወለቀ የቀርከሃ ወንበር፣ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን ያጠራቀምኩት የፈተና ወረቀት፣ ልጆቼ ያደጉበት አልጋ። ከሁሉም ኋላ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተጠቅልሎ ግድግዳ የተደገፈ የባለቤቴ የቢያድግልኝ ብስክሌት ነበር። ከረጢቱን ስገልጠው ሽታው ፊቴን መታኝ። የዛገ ብረት፣ የደረቀ ጎማ፣ ያረጀ ግራሶ። ቢያድግልኝ ካረፈ ጥር ሲመጣ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር። ፎቶግራፉን በየቀኑ አያለሁ፣ ስሙን በየቀኑ እጠራለሁ፤ እሱ ራሱ ግን እንደዚያ ረፋድ ቀርቦኝ አያውቅም። ከገጠር ሲመለስ እጁ እንዲህ ነበር የሚሸተው። በረንዳው ላይ ተቀመጥኩና ዕቃ ማውጣቱን ተውኩት።

ያኔ እንጅባራን ኮሶበር ነበር የምንላት። ከዋናው መንገድ ግራና ቀኝ የተሰለፉ ቤቶች፣ ሁለት ሻይ ቤት፣ አንድ ልብስ ሰፊ፣ አንድ ፎቶ ቤት፤ ከተማው ይኸው ነበር። ዛሬ ባጃጅ የሚተራመስበት ቦታ ያኔ የገብስ ማሳ ነው፤ ዛሬ ለከሰል የሚተከለው የዲከረንስ ዛፍ የሸፈነው ኮረብታም እንዲሁ ገብስና ድንች ነበር። ሻይ በአሥር ሳንቲም ይጠጣል፣ ዳቦውም ያው ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያዘዘ ሰው እንደ ደህና ሠራተኛ ይቆጠራል። እኔ ከዳንግላ ተመድቤ የመጣሁ የሁለተኛ ክፍል መምህርት ነበርኩ፤ እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ከላይ እናቴ የገዛችልኝ ቡናማ ሹራብ። ቢያድግልኝ ደግሞ የእንስሳት ጤና ረዳት ነበር። በአገው ምድር ፈረስ ምን እንደሆነ ለአገሬው አይነገርም፤ ፈረሱ የታመመበት ሰው ልጁ የታመመበት ያህል እየሮጠ ይመጣል። ቢያድግልኝ የፈረስን በሽታ ከዓይኑ አይቶ ያውቅ ነበር። መጋለብ ግን ይፈራል። አንዴ ጥሎት ስለነበር ሁለተኛ አልወጣም ብሎ ማለ፤ የሰው ፈረስ እያዳነ ራሱ በእግሩ ይኳትናል። ይኼን ስሰማ ነው መጀመሪያ የሳቅኩለት፤ እሱም ስስቅ ነው ያየኝ።

አንድ ቅዳሜ ከባሕር ዳር የመጣ አውቶቡስ ቆመና ከጣራው ላይ ብስክሌቱ በገመድ ወረደ። ገበያተኛው ሁሉ ከበበው። “ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ ነው የገዛሁት” አለ ቢያድግልኝ። የእንግሊዝ ስሪት ነው፤ ጥቁር፣ ባለ ትልልቅ ጎማ፣ ቀጭን የወርቅ መስመር የተሰመረበት። ፍሬኑ በሽቦ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ፣ ኮርቻው ከወፍራም ቆዳ የተሠራ፣ መሪው ላይ ደወል ያለው። ከሁሉም በላይ ግን ከፊት ለፊቱ ክብ መብራት ነበረው፤ ከጎማው ጋር እየተፋተገ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዲናሞ ከጎኑ ታስሯል። ኤሌክትሪክ ላልገባላት ከተማ ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። “ሰውዬው በእግሩ መብራት ያበራል” ተባለ። ያን ዕለት ፎቶ ቤት አስገብቶት አብረው ተነሡ፤ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ቤልቦተም ሱሪ ለብሶ፣ የሸሚዙን አንገትጌ እንደ ክንፍ ዘርግቶ፣ አንድ እጁን ኮርቻው ላይ አድርጎ። ከኋላቸው ሸራ ላይ የተሳለ ባሕርና ዘንባባ ይታያል።

ከተጋባን በኋላ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ይወስደኝ ነበር። ከፊቱ ባለው አግዳሚ ብረት ላይ በጎን እቀመጣለሁ፣ ነጠላዬን ጎማው እንዳይበላብኝ አንገቴ ላይ እጠመጥማለሁ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሴቶች አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ፈረሰኞቹ “ቢያድግልኝ፣ ያንተ ፈረስ ገብስ አይበላም!” እያሉ ያልፉናል። እሱ ከሻይ ቤቱ ሬዲዮ የሰማውን ዘፈን ግጥሙን እያፋለሰ ጆሮዬ ላይ ያንጎራጉራል። ዳገት ሲሆን እንወርድና እየገፋን እንሄዳለን። አሁን ያንን መንገድ በባጃጅ ሳልፈው አሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ያኔ ግማሽ ቀን ይፈጅብን ነበር፣ ሲያልቅብንም እናዝን ነበር።

እንግዲህ ያን ረፋድ በረንዳው ላይ እንደተቀመጥኩ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ለሰባት ዓመቱ ጸሎትና ዝክር አለ፤ ከዚያ ሌላ ግን ብስክሌቱን ፎቶግራፉ ላይ እንዳለው አድርጌ ላቆምለት ፈለግሁ። ባጃጅ ተከራየሁና ብስክሌቱን አስጭኜ ዳንግላ፣ አያ ፈንታሁን ዘንድ ሄድኩ። አያ ፈንታሁን የዳንግላ የመጀመሪያው ብስክሌት ጠጋኝ ነው ማለት ይቻላል፤ ዕድሜውን ሙሉ የቢያድግልኝን ብስክሌት የያዘ እጅ የእሱ ብቻ ነው። አሁን ጆሮው ትንሽ ደክሟል፣ ልጆቹ ሱቁን የሞባይል መሸጫ አድርገውታል፤ እሱ ግን ከጓሮ ባለች ክፍል መፍቻዎቹን አልጣለም።

“የሻረግ፣ ይኼ እኮ ሬሳ ነው” አለኝ ብስክሌቱን ዞሮ አይቶ።

“ሬሳ መሆኑን አውቃለሁ። እንደዚህ አድርግልኝ” ብዬ ፎቶውን ሰጠሁት።

መነጽሩን አድርጎ ለረጅም ጊዜ አየው። “እንደ ፋብሪካው?”

“እንደ ፋብሪካው።”

“የማይገኝ ዕቃ አለው።”

“የሚገኘውን እኔ እፈልጋለሁ፤ የማይገኘውን አብረን እናያለን።”

ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ ዳንግላ ተመላለስኩ። አያ ፈንታሁን ቀለሙን በነጭ ጋዝና በብርጭቆ ወረቀት ሲያነሣው እኔ ጎኑ ተቀምጬ አያለሁ። ከላይ አረንጓዴ ነበር፤ ቢያድግልኝ መሥሪያ ቤቱ አጥሩን ቀብቶ የተረፈውን ነው የቀባው። ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ፤ እሱ ልጄ ሰላማዊት ትምህርት የጀመረች ዓመት የተቀባ ነው፣ ሰማያዊ ካልሆነ አልቀመጥበትም ብላ። ከሰማያዊው ሥር ጥቁሩ ሲመጣና የወርቁ መስመር እንደ ክር ሲታይ አያ ፈንታሁን ፎቶውን አንሥቶ አጠገቡ ያዘው። ባሕር ዳር ሄጄ የብስክሌት ዕቃ ተራውን ከዳር እስከ ዳር ዞርኩት። ጎማና የውስጡ ካለማዳሪያ ሞልቷል፣ የፍሬን ላስቲክ አገኘሁ፣ የፔዳል ጎማ አንድ ሽማግሌ ከካርቶን ሥር አወጡልኝ። ለኮርቻው እዚሁ እንጅባራ የፈረስ ኮርቻ የሚሠራ ሰው ዘንድ ሄድኩ፤ “ለየትኛው ፈረስ ነው?” ብሎ ሳቀብኝ፣ ግን በአሮጌው ሞላ ላይ ወፍራም ቆዳ ወጥሮ እንደ ፎቶው አድርጎ ሰፋልኝ። ደወሉን ግን አላገኘሁም። ያየሁት ሁሉ አዲስና ቀለም የተነከረ ነው፤ ከዚያስ ቦታው ባዶውን ይቅር አልኩ። የቀረው መብራቱ ነበር።

“መብራቱንማ ጠጥቶታል” አልኩት አያ ፈንታሁንን እየሳቅሁ። በቤታችን የምንቀልደው ቀልድ ነበር።

አያ ፈንታሁን አልሳቀም። መፍቻውን አስቀመጠና እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር።

የመብራቱ ነገር እንዲህ ነው። ሰላማዊት ሦስት ዓመቷ ሳለ ሁለተኛ ወለድኩ። ወንድ ልጅ ነበር፤ በስድስተኛው ቀን ሞተ። ከዚያ በኋላ ትኩሳቱ እኔን ያዘኝና አልለቅ አለ። ሐኪሙ መርፌ አዘዘልኝ፣ ለብዙ ቀን የሚወጋ፤ መድኃኒቱም ባሕር ዳር ካልሆነ የለም። እኔ ደግሞ መኖሩን ራሱ ጠልቼው ነበር። ቢያድግልኝን አልጋዬ አጠገብ ጠርቼ፣ “ለእኔ ብለህ ከዚህ ቤት አንድ ዕቃ ብታወጣ፣ በልጄ አጥንት፣ መርፌውን አልወጋም” አልኩት። እሱም “ጓደኛዬ ከጤና ጣቢያ በነፃ አግኝቶልኛል” አለኝ። ተወጋሁ። በዚያው ሰሞን ብስክሌቱን ከጓሮ ሲያስገባ በመስኮት አየሁት፤ ከፊቱ ባዶ ነው።

“መብራቱስ?” አልኩት።

“ተሰረቀ።” ዓይኔን አላየኝም።

አባቴ የእናቴን የብር አልቦ ሳይቀር ለአረቄ የሸጠ ሰው ነበር። ዓይን የሚሸሽ ወንድ ምን ማለት እንደሆነ ከልጅነቴ የተማርኩት ከእሱ ነው። “ጠጥተኸዋል” አልኩት። “እኔ እዚህ እየሞትኩ አንተ መብራትህን ጠጣህ። ልጄ እንኳን አንተን አባት ብሎ አላደገ!” ይኼን ብያለሁ። በአፌ ነው ያልኩት። ቢያድግልኝ ቆሞ ሰማኝ፣ ከዚያ ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። ሰላማዊት በሩ ሥር ቆማ ነበር። ከስድቡ የያዘችው “መብራቱን ጠጣው” የሚለውን ብቻ ነው፤ ካደገች በኋላ ነገሩ ቀልድ ሆነ። እንግዳ በመጣ ቁጥር “አባባ እኮ የብስክሌት መብራት የጠጣ ሰው ነው” ትላለች። እሱም አብሮ ይስቅ ነበር።

አያ ፈንታሁን እጁን ጠርጎ ሲጨርስ “የሻረግ፣ መብራቱን ባሕር ዳር አትፈልጊው” አለኝ። “ጥርባ ነው ያለው። አባባ ቢተው ዘንድ። በዚህ እጄ ፈትቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።”

“ለምን?”

“እሱን እሳቸው ይንገሩሽ። እኔ አልናገርም ብዬ ምዬለት ነበር፤ ይኼን ያህል መናገሬም በዝቷል።”

በማግስቱ ጥርባ ሄድኩ። አባባ ቢተውን በስም አውቃቸዋለሁ፤ በወጣትነታቸው በአገሩ የታወቁ ፈረሰኛ ነበሩ። አሁን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ፀሐይ ላይ አጎዛ አንጥፈው ተቀምጠዋል። የማን ሚስት እንደሆንኩ ስነግራቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አልለቅ አሉ።

“ልጄ፣ ዘግይተሽ መጣሽ” አሉኝ።

ለምራታቸው በአዊኛ አንድ ነገር አሏት። እኔ አዊኛ እሰማለሁ፣ አፌ ግን አይታዘዝልኝም፤ “ሣጥኑን” ማለታቸው ገባኝ። ምራታቸው ከእንጨት ሣጥን በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አምጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠች። ሲገልጡት መብራቱ ነው። ብርጭቆው ላይ ጭረት የለም። ዲናሞው ከነሽቦው ታስሮ ተቀምጧል።

“እርስዎ ብስክሌት አለዎት እንዴ?” አልኳቸው። ሌላ የምለው ጠፍቶኝ ነው።

“ምን ብስክሌት አለኝ! ባልሽ ባዝራዬን ከሞት መልሷታል። ስጦታ ልስጥህ ብለው የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ አልቀበልም አለ። እንዳጋጣሚ ገበያ ላይ አገኘሁት፣ ፊቱ ጠቁሯል። ‘ሚስቴ ልትሞትብኝ ነው፣ መድኃኒት መግዣ የለኝም፣ ከቤት ዕቃ እንዳላወጣ አስምላኛለች’ አለኝ። ‘እንግዲያው ከቤት ያልሆነ ነገር ሽጥልኝ፤ ያን መብራት ሽጥልኝ’ አልኩት። አንዲት ጊደር ሸጬ ሰጠሁት። አልበቃም ካልከኝም ሌላ አለች አልኩት። በቃ።”

አጎዛው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“አንድ ቀን ጠጥቶ መጥቶ ነበር” አልኳቸው፣ እንደ ክርክር። እውነትም አንድ ቀን፣ እኔ ወደ ክፍል የተመለስኩ ሰሞን፣ እየተንገዳገደ ገብቶ ነበር፤ ያኔ ነው ጥርጣሬዬን እርግጥ ያደረግሁት።

አባባ ቢተው ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። “እሱን ያጠጣሁት እኔ ነኝ! ‘ዛሬ ተነሥታ አስተማረች’ ብሎ እየሮጠ መጣ። በእግሩ እኮ ነው፣ ብስክሌቱንም ረስቶት። ደስታው ጤነኛ አልነበረም። አንድ ብርሌ ጠጅ ነው፤ የማይጠጣ ሰው ስለሆነ ጣለው። እስከ መንገዱ ፈረስ ላይ ጭነን ሸኘነው፤ እየፈራ፣ ጋማውን አቅፎ።”

“ታዲያ ለምን አልነገረኝም? ከዳንኩ በኋላ ለምን?”

ይኼን ስጠይቃቸው ሳቃቸው ቆመ። “መጥቶ ነበር” አሉኝ። “ከዓመታት በኋላ ገንዘቡን ይዞ መጣ። ገንዘቡን ያዝ፣ መብራቱን ውሰድ አልኩት። እንደዚህ ጭኑ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ከዚያ መለሰልኝ። ‘ይዤው ብገባ ከየት አመጣኸው ትለኛለች፤ እውነቱን ብነግራት ያን ቀን የተናገረችኝ ቃል ይከብዳታል። እኔ ረስቼዋለሁ፤ እሷ ግን ካወቀች አትረሳውም። እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ’ አለኝ። ይኸው አስቀመጥኩት።”

ሲመሽ መብራቱን እቅፌ ይዤ በባጃጅ ተመለስኩ። እውነቱን ልናገርና መንገዱን ሁሉ ያለቀስኩት በሐዘን ብቻ አይደለም፤ ተናድጄበት ነበር። ያን ያህል ዓመት አንድ ማዕድ ላይ አብረን ስንበላ፣ እኔን ከራሴ ቃል ሲጠብቀኝ፣ የመካስ ዕድል እንኳ ነፈገኝ። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው ሳይኖር ነው ጥፋቴን ያወቅሁት። ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። በሦስተኛው ቀን ንዴቱ ሲለቀኝ የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ የታመመ ፈረስ ሲያክም የሚያናግረው አነጋገሩ። በሽተኛ ፊት ጮኾ አይናገርም ነበር።

አያ ፈንታሁን መብራቱን በቦታው አሰረው። በቀን ስለነበር የክፍሏን በርና መስኮት ዘጋና የፊተኛውን ጎማ በእጁ አዞረው። መጀመሪያ እንደ ክብሪት ቀላ፣ ከዚያ እየነጣ ግድግዳው ላይ ክብ ሆኖ ቆመ። ጎማው ሲዘገይ ደከመ፤ አያ ፈንታሁን ደግሞ አዞረው። እኔ በቃ እስክለው ድረስ ማዞሩን አላቆመም። የእጁን ዋጋ ስሰጠው ግማሹን መለሰልኝና “ይኼኛው ለዝክሩ” አለኝ።

ጥር ላይ ልጆቼ ሰላማዊትና ታናሿ ዮሐንስ ከነቤተሰባቸው መጡ። ጸሎቱ አለቀ፣ ካህናቱ በልተው መርቀው ሄዱ፣ የሰፈር ሰውም ሳሳ። ብስክሌቱን ሳሎን ውስጥ ከፎቶግራፉ ሥር አቁሜው ነበር። ሰላማዊት ዞረችውና ቆዳውን ነካች፣ የወርቁን መስመር በጣቷ ተከተለች። ከዚያ መብራቱን አየች።

“እንዴ! አባባ የጠጣው መብራት ተተፋ?” አለች። የቀሩት እንግዶች ሳቁ። ዮሐንስም ሳቀ።

የክፍል ተማሪ ፊት እንደምቆመው ተነሥቼ ቆምኩ። “አባታችሁ መብራቱን አልጠጣውም” አልኩ። “እኔን አሳክሞበታል። ጠጣው ያልኩት እኔ ነኝ። ሐሰት ነበር።”

አያ ፈንታሁን ጥግ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። ሰላማዊት እጇን ከመብራቱ ላይ አነሣች።

“እማዬ፣ እኔ እኮ ሠርጌ ላይ እንኳ ብዬዋለሁ” አለች። “በሰው ፊት። እየሳቀ ነበር።”

“እየሳቀ ነበር” አልኳት። “ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ከእኔ አፍ ነው የሰማሽው።”

ሰላማዊት ወደ ደጅ ወጥታ የራሷንም የወንድሟንም ልጆች ሰብስባ አስገባች፣ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ እሷም መሐላቸው ተቀመጠች።

“ከመጀመሪያው ንገሪን” አለችኝ። “ምንም ሳታስቀሪ። እነሱም ይስሙ።”

ከመጀመሪያው ለመጀመር ከሕፃኑ መጀመር ነበረብኝ። ከተቀበረ ጀምሮ ስለ እሱ ለልጆቼ አንድ ቃል ተናግሬ አላውቅም፤ ቢያድግልኝም እኔን ፈርቶ አላነሣውም። ወንበሬን ወደ እነሱ አስጠጋሁና የሰላማዊትን ዓይን አይቼ፣

“አንቺ ሦስት ዓመትሽ ሳለ ወንድም ነበረሽ” አልኩ።